መነፅር ለሚያደርጉ ፎቶ አንሺዎች፤ የካሜራውን መስኮት ለዓይን ማስማማት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ በካህናትና በምዕመናን ታጅበው በአፄ ፋሲል ስም ወደሚጠራው ባህረ ጥምቀት ሲወርዱ ካሜራዬን ከዓይኔ ሳላወርድ ተከተልኳቸው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ግን ክው አልኩ። የካህናቱ ፊት ደብዝዟል፤ የአንዳንዶቹ ድባብ ግማሹ ተቆርጧል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደብኝም። ብርሃኑ እየቀነሰ ሲሄድ ካሜራው የመዝጊያውን ፍጥነት ወደ 1/15 ሰከንድ አውርዶታል። የሚራመድ ሰው ጥርት ብሎ እንዲወጣ 1/125 ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ካሜራው ይህንን አልደበቀኝም፤ ቁጥሩ ዓይናችንን አስጠግተን በምናይባት ትንሽ መስኮት፣ በቪውፋይንደሩ ግርጌ ተጽፎ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ። መነፅሬ ዓይኔን ከመስኮቱ ስላራቀው የምስሉ ዳርና ግርጌ አይታየኝም ነበር።

መነፅር የሚያደርጉ ብዙ ፎቶ አንሺዎች ይህንን ችግር ያውቁታል። «የካሜራው ጠባይ ነው» ብለን ተቀብለነው እንኖራለን እንጂ ነገሩ መፍትሔ አለው። አብዛኛው መፍትሔም ገንዘብ አይጠይቅም።

ችግሩ ርቀት ነው

በፋሲል ግቢ ከአንዱ ቤተ መንግሥት መስኮት ወደ ውጭ የተመለከተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወደ መስኮቱ ሲጠጉ ውጭው ሰፍቶ ይታያል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ የመስኮቱ ጠርዝ ይጋርድዎታል። ቪውፋይንደርም እንዲሁ ነው።

የካሜራ አምራቾች ምስሉ ሳይቆረጥ ሙሉ በሙሉ የሚታይበትን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው በካሜራው መግለጫ ላይ ያሰፍሩታል። «አይፖይንት» ይሉታል። ለምሳሌ የኒኮን ዲ850 ልኬት 17 ሚሊ ሜትር ሲሆን የካነን 5ዲ ማርክ 4 ደግሞ 21 ገደማ ነው። መነፅር በአብዛኛው ከዓይን ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። ከ17 ላይ 13 ሲቀነስ የሚተርፈው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የመነፅሩ ውፍረትና የቪውፋይንደሩ ጎማ በዚህች ክፍተት ውስጥ መብቃቃት አለባቸው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ኒኮን በ1982 እ.ኤ.አ. ኤፍ3 ኤችፒ የተባለውን የፊልም ካሜራ ሲያወጣ ልኬቱን ወደ 25 ሚሊ ሜትር ያሳደገው መነፅር ያደረገ ሰው ሙሉውን ምስል እንዲያይ ነው። ስለዚህ ካሜራ ሊገዙ ሲሉ ስለ ሜጋፒክስሉ ብቻ አይጠይቁ፤ ይህንንም ቁጥር ይመልከቱ። ከሁሉም በላይ የራስዎን መነፅር አድርገው አራቱም ማዕዘኖችና የግርጌው ቁጥሮች በአንድ ጊዜ መታየታቸውን ሱቁ ውስጥ ያረጋግጡ።

ካሜራው ቀድሞ እጅዎ ላይ ካለ ደግሞ የቪውፋይንደሩን ጎማ ይዩ። የሚታጠፍ ከሆነ እጥፍ ያድርጉት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያተርፋሉ። ጨርሶ አውልቀው እንዳይጥሉት ግን ይጠንቀቁ፤ ጠንካራው ጠርዝ መነፅር ይጭራል።

መነፅሩን ማውለቅስ?

በአብዛኞቹ ካሜራዎች ቪውፋይንደር አጠገብ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ አለች፤ ዲዮፕተር ትባላለች። በብዙ ካሜራዎች ከ-3 እስከ +1 ገደማ ትሄዳለች። የመነፅርዎ ማዘዣ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ ያለ መነፅር ማየት ይችላሉ። አስቲግማቲዝም ካለብዎት ግን ዲዮፕተሩ አያስተካክለውም፤ መነፅርዎን ያድርጉ።

አስተካከሉ ቀላል ነው። ካሜራውን ወደ ብሩህ ግድግዳ ወይም ፀሐይ ወደሌለበት ሰማይ ያዙሩ። የሚያዩት ግድግዳውን ሳይሆን በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን መስመሮችና ቁጥሮች ነው። እነሱ ጥርት እስኪሉ ድረስ ማስተካከያዋን በዝግታ ያንቀሳቅሱ። ቦርሳ ውስጥ ሳለች በራሷ ልትዞር ስለምትችል ከጉዞ በኋላ ደግመው ይዩዋት።

ከ40 ዓመት በኋላ የሚመጣው የቅርብ ዕይታ ድካም ያለባቸው ሰዎች የንባብ መነፅራቸውን ለቪውፋይንደር ባይጠቀሙበት ይመረጣል። በቪውፋይንደር ውስጥ ያለው ምስል ለዓይን የሚታየው እንደ መጽሐፍ ቀርቦ ሳይሆን በብዙ ካሜራዎች አንድ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የሩቅና የቅርብ በአንድ ላይ የሆነ መነፅር የሚያደርጉ ደግሞ በላይኛው ክፍል እያዩ ዲዮፕተሩን ያስተካክሉ።

ሰሜን ተራሮች ላይ

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ሲዘልቁ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ መነፅሩን አውልቆ ጭላዳ ማንሳት ለፎቶው ይመች ይሆናል፤ ካሜራው ከዓይን ሲወርድ ግን ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታይም። በገደል አፋፍ ላይ የሩቅ መነፅር የሚያደርግ ሰው አያውልቀው። የምስሉ ጠርዝ ቢቆረጥበት ይሻላል። አንድ ዓይን ካሜራው ላይ እያለም ወደ ኋላም ሆነ ወደ ጎን አይራመዱ።

የደጋው ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ጋቢ ወይም ስካርፍ አፍንጫ ላይ ከተጠቀለለ ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ መነፅሩን ጉም ያለብሰዋል፤ ከአፍንጫ በታች ዝቅ ያድርጉት። በመነፅሩና በካሜራው መካከል ከጎን የሚገባውን ብርሃን በመዳፍ ይከልሉ። ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነፅር አድርገው የካሜራው ስክሪን ድንገት ቢጠቁርብዎት አልተበላሸም፤ ካሜራውን ዘወር ሲያደርጉት ይመለሳል። በመስተዋት በሚሠራ ቪውፋይንደር ፀሐይን በቀጥታ ማየት ግን ዓይንን ይጎዳልና በፍጹም አይሞክሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምስሉ ካልጠራ ጥፋቱ ከካሜራው ላይሆን ይችላል፤ ያረጀ የመነፅር ማዘዣ ይሆናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ተቋም ነውና ለጎንደር ነዋሪ ምርመራው ሩቅ አይደለም።

በማግስቱ ጥር 11 ቀን ማለዳ ጎማውን አጥፌ፣ ዲዮፕተሩን አስተካክዬ ወደ ባህረ ጥምቀቱ ተመለስኩ። ጠበሉ ተባርኮ ወጣቶቹ ወደ ውኃው ሲዘሉ ቁጥሩን በግርጌው አነበብኩት፤ 1/500። የዚያን ቀን ፎቶዎች ዛሬም አሉኝ። የከተራዎቹን ግን የሚመልስልኝ የለም።