ለድራመሩ ምን ይድረሰው?

እ.ኤ.አ. በ1969 ማብቂያ ላይ፣ ሲንሲናቲ ከተማ፣ የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ሲቀዳ ድራሙ ላይ የነበረው ክላይድ ስተብልፊልድ ነው። ቀኝ እጁ ሃይ-ሃቱን ያለ ዕረፍት ያስኬዳል፤ ግራው በጠንካራዎቹ የስኔር ምቶች መሀል ለጆሮ በጭንቅ የሚደርሱ ስስ ምቶችን ይሰገስጋል። ብራውን ባንዱን ዝም አሰኝቶ ብቻውን ያስመታው ያ ቁራጭ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ሳምፕለር (ከተቀዳ ሙዚቃ ድምፅ ቆርጦ የሚደጋግም መሣሪያ) በእጁ የገባ ሁሉ እየቆረጠ ደጋግሞታል፤ የሂፕ ሆፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኢነሚ «ፋይት ዘ ፓወር» አንዱ ነው። በደራሲነት የተመዘገበው ብራውን ሲሆን ስተብልፊልድ በ2017 ሲሞት ከዚህ ሁሉ እዚህ ግባ የሚባል ሮያሊቲ አላገኘም።

ሳምፕል በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ስርቆት ነው ወይስ ጥበብ?» ላይ ይቸከላል። ሁለቱም ወገን ድራመሩን ይረሳዋል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንድ ሸክላ ላይ የሚያውቀው የዜማውን ባለቤትና የቀረጻውን ባለቤት ነው፤ ምቱን የፈጠረው ተቀጣሪ ከሁለቱም ውጭ ነው። ስለዚህ ሕጉን ማጥበቅ ለእሱ ጠብ የሚል ነገር የለውም። በ2005 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ሰከንድ የጊታር ድምፅ እንኳ ያለ ፈቃድ አይወሰድም ሲል የከሰሱት ኩባንያዎች እንጂ ጊታሪስቱ አልነበረም።

«የቀኑን ሒሳብ ተቀብሎ የለ?» የሚሉ አሉ። ተቀብሏል፤ ለአንድ ዘፈን። ምቱ የሌሎች ዘፈኖች ጥሬ ዕቃ እንደሚሆን ያኔ ከፋዩም ተከፋዩም አያውቁም ነበር። ፈቃድ ቢበዛ ሂፕ ሆፕና ጀንግል የተባለው የዳንስ ሙዚቃ ባልተወለዱ ነበር የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል፤ ደግሞም እውነት አለው። መልሱ ድራመሩ የመከልከል ሳይሆን የመካፈል መብት እንዲኖረው ማድረግ ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፦ ለጀንግል መሠረት የሆነውን የ«አሜን፣ ብራዘር» ምት የመታው ግሪጎሪ ኮልማን በ2006 አትላንታ ውስጥ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ፤ አድናቂዎች 24,000 ፓውንድ ያዋጡት በ2015 ነው፣ ያውም ለባንዱ መሪ። የመካፈል አሠራሩም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ከዲጂታል ሬዲዮ ከሚሰበሰበው ክፍያ 5 በመቶው ለአጃቢዎች ይመደባል። የጎደለው፣ ይህ ድርሻ ቀረጻው ተቆርጦ ወደ ገባበት አዲስ ሥራም እንዲከተል ማድረግ ነው።