አጥንቱ ስለ አንገቱ ምን ያህል ይነግረናል?

በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የቆመው ጂራፋታይታን የተባለ ዳይኖሰር ቁመቱ ከ13 ሜትር ያልፋል። አጥንቶቹ ከ1909 እስከ 1913 ድረስ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ተንዳጉሩ በሚባል ስፍራ ተቆፍረው የወጡ ናቸው። የሚጎበኘው ሰው አንድ እንስሳ ያየ ይመስለዋል። አጽሙ ግን ከአንድ በላይ ከሆኑ እንስሳት አጥንት የተገጣጠመ ነው፤ የጎደለውም በሰው እጅ ተሠርቶ ተሞልቷል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ረጅም አንገት ካላቸው ዳይኖሰሮች ከራስ እስከ ጅራት ያልጎደለ አጽም ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ነው። እሺ፣ አጥንቱ ሁሉ ቢገኝስ? ያኔም አንድ ትልቅ ጥያቄ ይቀራል። እንስሳው አንገቱን እንዴት ነበር የሚይዘው? እንደ ቀጭኔ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ፊት ዘርግቶ?

በ1999 ኬንት ስቲቨንስ እና ማይክል ፓሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች የዲፕሎዶከስንና የአፓቶሶረስን የአንገት አጥንቶች በኮምፒውተር ገጣጠሙ። እያንዳንዱ የአንገት አንጓ ከላይ በኩል ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝባቸው ገጾች አሉት። ገጾቹ በትክክል ሲደራረቡ የአንገቱ ተፈጥሯዊ አቀማመጥ ይገኛል ብለው ተነሡ። ውጤቱ አንገቱን ወደ ፊት የዘረጋ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደረገ እንስሳ ሆነ።

ችግሩ ያለው ግን በአጥንትና በአጥንት መካከል ነው። በሕይወት ባለ እንስሳ ውስጥ አንጓዎቹ በቀጥታ አይነካኩም፤ መሐላቸው ልም አጥንት አለ። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስብሶ ይጠፋል እንጂ እንደ አጥንት ወደ ድንጋይ አይለወጥም። ውፍረቱን ስለማናውቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ዲፕሎዶከስ 15 የአንገት አንጓዎች አሉት፣ በመካከላቸውም 14 መገጣጠሚያዎች አሉ። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ላይ 3 ዲግሪ ብቻ ብንስት፣ ተደምሮ 42 ዲግሪ ይሆናል! አቅጣጫውም በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም። ልም አጥንቱ ከታች በኩል አንጓዎቹን ሲያራርቃቸው፣ ከላይ ያሉት ገጾች ተጠጋግተው ስለሚቆዩ፣ አንገቱ ወደ ላይ ይቀናል።

በ2009 ማይክል ቴይለር፣ ማቲው ዌደል እና ዳረን ኔይሽ ጥያቄውን ወደ ሕያዋን እንስሳት መለሱት። ጥንቸልን አስቡ። ቁጭ ስትል ጭራሽ አንገት ያላት አትመስልም። በራጅ ሲታይ ግን የአንገቷ አጥንቶች ቀጥ ብለው ሊቆሙ ምንም አይቀራቸውም፤ ሥጋውና ጸጉሩ ነው የሚሸፍናቸው። ብዙ አጥቢዎችና ወፎችም ነቅተው ሲያርፉ አንገታቸውን ወደ ላይ ነው የሚይዙት። እንግዲያው ዳይኖሰሮቹም እንዲሁ ነበሩ አሉ።

እኔ ወደዚህ ሐሳብ አደላለሁ። ያም ሆኖ ንጽጽሩ የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ ዛሬ 9 ሜትር አንገት ያለው እንስሳ የለምና። ሮጀር ሲሞር የተባለ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ላይ ደም ለማድረስ ልብ የሚያወጣው ጉልበት እጅግ ከባድ ነው ብሎ ይከራከራል። ልቡም እንደ ልም አጥንቱ ጠፍቷል።

በ2013 የታተመ የሰጎን አንገት ጥናት ደግሞ ነገሩን ከሌላ ወገን አወሳሰበው። ተመራማሪዎቹ ጡንቻውንና ጅማቱን ደረጃ በደረጃ እያነሡ፣ አንገቱ በየደረጃው ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ ለኩ። አጥንቱ ለብቻው ሲቀር መተጣጠፉ ጨመረ። ማለትም አጥንት ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሰው እንስሳውን ከነበረው በላይ ተጣጣፊ ያደርገዋል።

ክብደቱም ያው ነው። የጂራፋታይታን ክብደት በ1962 78 ቶን ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በ2012 የወጣ ስሌት 23 ቶን ገደማ አደረገው። ልዩነቱ የመጣው አጥንቱን ምን ያህል ሥጋ እናልብሰው ከሚለው ነው። እዚህ ላይ ግን አጥንቱ ጨርሶ ዝም አላለም፤ በአንጓዎቹ ውስጥ ያሉት ክፍት ቦታዎች እንደ ወፍ የአየር ከረጢት እንደነበረው ያሳያሉ። የጠፋ ለስላሳ አካል አንዳንዴ አጥንት ላይ ፈለጉን ትቶ ይሄዳል።

ስለዚህ መልሱን ከአንገቱ ውጭ የሚፈልጉም አሉ። የዲፕሎዶከስ አፍ ሰፊና ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በጥርሱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጭረቶችም ከመሬት ብዙ ያልራቀ ተክል ይበላ እንደነበር ይጠቁማሉ። ይህ ግን ሲበላ አፉ የት እንደነበረ ነው። ቀና ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ አንገቱ የት ይደርስ እንደነበር ጥርሱም አይናገርም።