የጭቃ ጎማ ሒሳብ፦ የመግዣው ዋጋ የማይነግረን ወጪ

ሰኔ ሲቃረብ ፒካፕ ያላቸው ድርጅቶች ውስጥ በየዓመቱ የሚነሳ ክርክር አለ። ሾፌሩ «በዚህ ጎማ ክረምቱን አልወጣውም» ይላል፤ ግዥ ክፍሉ ደግሞ የጭቃ ጎማውን ዋጋ አይቶ ፊቱን ያጠቁራል። ሁለቱም የሚያዩት ነገር አላቸው። ይሁንና ሙግቱ ሁሉ የሚሽከረከረው በአንዱ ጎማ የመሸጫ ዋጋ ዙሪያ ስለሆነ፣ ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደሚጣል፣ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚያስበላና ስንት ቀን ከመቆም እንደሚያድን ሳይሰላ ውሳኔው ያልፋል።

በገበያው «ማድ ቴሬይን» የሚባለው ጎማ ጥርሱ ትልልቅና ጥልቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሰፊ ነው። ክፍተቱ ጭቃውን ወደ ውጭ ወርውሮ ለሚቀጥለው ንክሻ ንጹሕ ጥርስ ለማቅረብ ታስቦ የተሠራ ነው። ጎኑም ድንጋይና ጉቶ እንዳይቀደው ተጨማሪ ድርብ ይለብሳል። ይኸው ክፍተት አስፋልት ላይ ሲደርስ ጠንቅ ይሆናል፤ መሬት የሚነካው ጎማ ስለሚያንስ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል፣ ድምፁ ጆሮ ይበላል፣ መኪናው ለመንከባለል ስለሚከብደው ነዳጅ ይጨምራል። በዝናብ ዓባይ በረሃን ለሚወርድ ሾፌር ደግሞ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። «ኦል ቴሬይን» የሚባለው መካከለኛው ዓይነት ለፒስታም ለአስፋልትም የተሠራ ሲሆን፣ ጭቃ ላይ ግን ከትልቁ ወንድሙ ቀድሞ እጅ ይሰጣል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ስለሆኑ አንባቢ በራሱ መኪና ቁጥር ይተካቸው። አንድ ኦል ቴሬይን 30,000 ብር ተገዝቶ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ አራቱ ጎማዎች በኪሎ ሜትር 2 ብር ያስወጣሉ። የጭቃው ጎማ 36,000 ብር ተገዝቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ፣ በኪሎ ሜትር 3 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ሱቅ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት 20 በመቶ ነበር፤ መንገድ ላይ 80 በመቶ ሆነ። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ልዩነቱ 48,000 ብር ነው። መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢጠጣና የጭቃ ጎማው 5 በመቶ ቢጨምርበት፣ 180 ሊትር ናፍጣ ይታከላል። ሊትሩን በ130 ብር ብናስብ 23,400 ብር ነው። ድምሩ 71,400 ብር ይደርሳል። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ስለጀመረ፣ ከዚህ ውስጥ የናፍጣው ድርሻ እንደ ድሮው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ የሚቀመጠው የመቆም ወጪ ነው። መኪናው ጭቃ ሲይዘው ትራክተር ጠርቶ ማስጎተት፣ የሾፌሩ የአንድ ቀን ውሎ አበል፣ የቆመው ሥራ አለ። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ 12,000 ብር ቢያስወጣ፣ የጭቃ ጎማው ወጪውን የሚመልሰው በዓመት ስድስት ጊዜ ከመያዝ ሲያድን ነው። አብዛኛውን ጊዜውን አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ መካከል ለሚመላለስ ፒካፕ ስድስት ጊዜ ቀርቶ አንዴም አይሞላም። እንዲህ ላለው መኪና የጭቃ ጎማ መግዛት፣ በኔ ግምት፣ ለግርማ ሞገስ የሚከፈል ዋጋ ነው። ግርማ ሞገስን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ብቻ በጥገና በጀት ውስጥ አይመዝገብ።

መተማና ሑመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ለሚሠራ መኪና ሒሳቡ ይገለበጣል። አገራችን ውስጥ ዋልካ አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው መሬት በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። እዚያ መኪና ቆመ ማለት የአረም ሠራተኛ ስንቅ፣ የትራክተር ነዳጅ፣ አንዳንዴም የታመመ ሰው ቆመ ማለት ስለሆነ፣ አንዱ ቀን 12,000 ብር ብቻ አያወጣም። ይሁን እንጂ ዋልካን የሚያውቅ ሾፌር ሻጩ የማይነግርዎትን ይነግርዎታል። የሚያጣብቅ ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ይጋገራል፤ ጎማው በፍጥነት ካልተሽከረከረ አይወረውረውም፤ ያኔ ውዱ ጎማ ክብ የጭቃ ድቡልቡል ሆኖ ይንሸራተታል። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ያለው ጭቃ ላይ ደግሞ ሰፊ ጎማ ከላይ ሲንሳፈፍ፣ ጠባቡ ቆርጦ ወርዶ መርገጫ ያገኛል። የላንድክሩዘር ፒካፕ 7.50R16 ቀጭን ጎማ እስከ ዛሬ ገጠር ውስጥ የሚከበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጥቂት መጥፎ ኪሎ ሜትሮች ሲባል አራት ጎማ ከመለወጥ፣ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ጭኖ መሄድም በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ሁለት ሙሉ ስብስብ ይዞ ክረምት የጭቃውን፣ በጋ መካከለኛውን ማሰርስ? በወረቀት ላይ ያማረ ነው። የጭቃው ጎማ የሚሄደው 9,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ተጨማሪው የጎማ ወጪ 14,400፣ የነዳጁ 7,020 ብር ስለሚሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ከመያዝ ካዳነ ወጪውን ሸፈነ። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ ወጥቶ መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ለአራቱ የጭቃ ጎማዎች የሚወጣውን 144,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ የተበደረ ድርጅት በመጀመሪያው ዓመት 25,920 ብር ለባንክ ይከፍላል፤ ሁለቱ ጊዜ አራት ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ «ብሩ ሲወርድ መጋዘን ያለው ጎማ ዋጋው ይወጣል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር አለፈ፤ ከሳምንታት በኋላ መቶን ተሻገረ። ከዚያ በፊት ጎማ የገዛ ሰው እንዳተረፈ አይካድም። የአገር ውስጥ ምርትም ከዚህ ማዕበል ሙሉ በሙሉ አያስጥልም፤ አዲስ ጎማ ተብሎ የተቋቋመው፣ በኋላ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር የተጣመረው፣ ከዚያም ሆራይዘን አዲስ የሆነው ፋብሪካ ራሱ ጥሬ ዕቃውን ለማስገባት ዶላር ይፈልጋል። ጎማ ግን እንደ ወርቅ አይቀመጥም፤ ላስቲኩ ያረጃል።

ስለዚህ ሶማሌ ተራም ይሁን ተክለሃይማኖት ሲሄዱ ዓይንዎ ከጥርሱ ይልቅ ጎኑ ላይ ይረፍ። ሻጩ አውራ ጣቱን በጥርሶቹ መካከል እየከተተ ጥልቀቱን ያሳይዎታል፤ እርስዎ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ይፈልጉ። 2324 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ማንበብ የማይሰለቸው ሰው አምስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የቆየን ጎማ በአዲስ ዋጋ አይገዛም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከሁሉ በላይ ገንዘብ ያጠፋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ከጎማው መጠን ቀጥሎ 121/118Q ተብሎ ቢጻፍ፣ 121 ማለት አንዱ ጎማ ለብቻው ሲታሰር 1,450 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ 118 ከኋላ ጥንድ ጎማ ለሚያስሩ መኪኖች የተቀመጠ ነው፤ Q ደግሞ የፍጥነቱ ጣሪያ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሆኑን ያሳያል። 112 የተጻፈበት ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ብቻ ነው። በኋላ አክስል ላይ ልዩነቱ 660 ኪሎ፣ ማለትም ከስድስት ኩንታል በላይ ነው። በመልኩ ጭቃ የሚፈራ የማይመስል፣ በቁጥሩ ግን ለቀላል መኪና የተሠራ ጎማ ሲሚንቶ በሚጭን ፒካፕ ላይ ማሰር ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዚያ ላይ 1,450 ኪሎው የሚሠራው ጎማው ሙሉ አየሩን ሲይዝ፣ በዚህ ዓይነቱ ጎማ 80 ፒኤስአይ ሲሞላ ነው። ጎሚስታው በልማድ 35 ሞልቶ ከሸኘዎት የከፈሉለትን አቅም እዚያው ጥለው ሄደዋል፤ ጭነት ሲበዛበት ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ይፈነዳል።

መጠን መጨመርም የራሱ መዘዝ አለው። 265/65R17 አውልቆ 285/70R17 ያሰረ መኪና የጎማው ቁመት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲመዘግብ መኪናው 107 ሄዷል። ስለዚህ የተሽከርካሪ ኃላፊው ወረቀት ላይ መኪናው በኪሎ ሜትር ብዙ ነዳጅ የሚበላ ይመስላል፤ በሾፌሩ ላይ የነዳጅ ስርቆት ጥርጣሬ ይነሳል። ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ጎማውን ማየት ይሻላል።

አንድ የቀረ ወጪ አለ። ግዥ ክፍሎች የሚያስቡት አራት ጎማ ነው፤ መኪናው የሚፈልገው አምስት ነው። ስኮርታው በቁመት ከተለየ፣ በአንድ አክስል ላይ ካለው ጓደኛው ጋር እኩል ስለማይዞር ዲፍሬንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ፎርዊል ገብቶ ደረቅ መሬት ላይ ሲነዳ ደግሞ ጫናው ወደ ማርሹ ያልፋል። ስለዚህ ከላይ ያሰላነው 144,000 ብር በርግጥ 180,000 ነው። ትልቁ ጎማ ደግሞ ከጭነት ሳጥኑ ሥር ያለው የስኮርታ ቦታ ላይገባ ይችላል፤ ያኔ ከላይ ይጫንና የዕቃ ቦታ ይወስዳል። አምስቱንም ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ወስደው እዚያ ሥር መግባት አለመግባቱን ይሞክሩት።