ኬሚስትሪን በጨዋታና በቀላል ሙከራ ስለ ማስተማር

ኬሚስትሪ ማለት በዓለም ያለ ግዙፍ ነገር ሁሉ ከምን እንደ ተሠራ፥ አንዱም ከሌላው ጋራ ሲገናኝ ወደ ምን እንደሚለወጥ የሚመረምር ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የሚሰጠው በጥቁር ሰሌዳና በቃል ብቻ ነው። መምህሩ የውሃን ምልክት ይጽፋል፤ ሕፃናቱም በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፤ ፈተናው ሲደርስ እንደ ተባሉት ይመልሳሉ። ነገር ግን ከእነዚያው ተማሪዎች አንዱን ጠርቶ፥ ሎሚ የተቆረጠበት ቢላዋ ሳይታጠብ ቢያድር ስለ ምን ይጠቁራል ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር፥ ልጁ ይህ ነገር ከተማረው ትምህርት ጋራ የሚገናኝ መሆኑን ከቶ አያስተውልም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመሣሪያ ማነስ ነው። እውነት ነው፤ የቤተ ሙከራ የመስተዋት ዕቃ በገጠር በቀላሉ አይገኝም። ዳሩ ግን ለመጀመሪያው ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከእናቶች ጓዳ አይታጣም። ሊጡ ኩፍ ሲል፥ ጠላው ሲብላላ፥ ወተቱ ረግቶ እርጎ ሲሆን፥ ማረሻው ዝናም መትቶት ሲዝግ ሕፃኑ ሁሉን እያየ አድጓል። እርሾ ጨምራ ሊጥ የምታቦካ ልጃገረድ ስለ ሊጥ ጠባይ ከመምህሩ አብልጣ ታውቅ ይሆናል፤ ይህ ዕውቀቷ ኬሚስትሪ መሆኑን የነገራት ሰው ስለሌለ ግን በክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። በቃል ብቻ ማስተማር የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ያወቀውን ልጅ እንዳላወቀ ያደርገዋል።

ለጀማሪዎች ከሁሉ የሚሻለው ጨዋታ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ፍቺው የጠፋበት እንደ ሆነም «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል። መምህሩ ይህንኑ ሥርዓት ሳያፈርስ፥ በቃል በሚነገረው እንቆቅልሽ ፈንታ አምስት ነጫጭ ዱቄቶችን በአምስት ስኒ ያቀርባል። እነርሱም ጨው፥ ስኳር፥ የስንዴ ዱቄት፥ ለመጋገሪያ የሚሆን ሶዳ፥ አምስተኛውም ታጥቦና ደርቆ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ናቸው። ሁሉም ልመው ሲነፉ ለዓይን ይመሳሰላሉ። በስኒዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፋል፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው።

ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው ወገን ይለያሉ። መመርመሪያ የሚሆናቸውም ውሃ፥ የሎሚ ጭማቂ፥ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጥቂት አዮዲንና እሳት ነው። በውሃ ሲበጠብጡት ጨው፥ ስኳርና ሶዳ ሟሙተው ይጠፋሉ፤ የስንዴው ዱቄትና ቅርፊቱ ግን ውሃውን አደፍርሰው ቆይተው ይዘቅጣሉ። የሎሚ ጭማቂ ሲንጠባጠብበት ሶዳው ወዲያው አረፋ ይሰጣል፤ ቅርፊቱም ቀስ እያለ አረፋ ያወጣል፤ የቀሩት ሦስቱ ዝም ይላሉ። አዮዲን የነካው የስንዴ ዱቄት ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። ጨውንና ስኳርን ለመለየት ደግሞ ከእያንዳንዱ ጥቂት በአሮጌ ማንኪያ ተደርጎ ከፍም በላይ ይያዛል፤ ስኳሩ ቀልጦ ይቀላል፥ ኋላም ይከስላል፤ ጨው ግን ቢንጣጣ እንጂ አይጠቁርም።

በዚህ ጨዋታ ላይ መምህሩ አንድ ሕግ ያጸናል። ይኸውም፥ ያለ ማስረጃ የተናገረ ወገን ፍቺውን እንኳ ቢያገኝ አገሩን ይሰጣል። «ሦስተኛው ስኒ ሶዳ ነው» ማለት አይበቃም፤ «በውሃ ሟሟ፥ በሎሚም አረፋ ሰጠ፤ በውሃ የሚሟሟና በሎሚ አረፋ የሚሰጥ ሌላ ከአምስቱ ውስጥ የለም» ማለት ያስፈልጋል። ከሙከራውም በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሚሆን የገመተውን በደብተሩ ይጽፋል። ይህ ግምት ሲቀር ጨዋታው ተራ ትርኢት ይሆናል፤ አረፋውን አይቶ የሳቀ ልጅ በማግሥቱ የሚያስታውሰው ሳቁን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ምናልባት «ይህን ሁሉ ከመድከም ጨውንና ስኳርን በምላስ መቅመስ አይቀልምን?» ይሉ ይሆናል። በእውነት ይቀላል። ነገር ግን ለአዝመራ ተባይ ማጥፊያ የተገዛ ነጭ ዱቄትም ለዓይን ከስንዴ ዱቄት ላይለይ ይችላል፤ ምላሱን መመርመሪያ ያደረገ ልጅ አንድ ቀን ይህን ቢያገኝ የሚሆነው የታወቀ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ለትምህርት የቀረበ ነገር፥ ስሙ የታወቀ ጨው እንኳ ቢሆን፥ አይቀመስም።

ከዚህ ቀጥሎ የኮምጣጣንና የአልካሊን ነገር ለማስረዳት እርድ ይበቃል። የእርድ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ነጭ ወረቀት ይነከርበትና በጥላ ይደርቃል፤ ወረቀቱም ቢጫ ይሆናል። በአመድ ውሃ ወይም በሳሙና ውሃ የተነከረ እንጨት በዚህ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ጽሕፈቱ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ሎሚ ሲነካውም ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በነጠላዋ ላይ ወጥ ፈስሶባት በሳሙና ያጠበች ሴት ይህን ቀይነት አይታዋለች። ሮበርት ቦይል የተባለ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1664 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የአበባ ጭማቂ በኮምጣጣ ነገር ወደ ቀይ፥ በአልካሊ ወደ አረንጓዴ እንደሚለወጥ ጽፏል፤ ተማሪው በእርድ የሚሠራው ሥራ ከዚያ ጋራ አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ በዚህ ወረቀት የምስጢር ደብዳቤ ሲላላኩ ቢገኙ መምህሩ ሊከለክላቸው አይገባም።

የሳሙና ነገር ሲነሣ እንዶድ ሊዘለል አይችልም። የተወቀጠ እንዶድ ከውሃ ጋራ በጠርሙስ ቢናጥ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል፤ ይህም ሳፖኒን የሚባል ነገር ስላለበት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቍልቍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ነገሩን በሙከራ አጣርተው እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን አስረዱ፤ በ1989 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠርም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አጣቢዎቹ በዚያ ወንዝ አጠገብ ዘወትር ይውሉ ነበር፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ማየትም ለማንም አልተከለከለም ነበር። ልዩነቱ ያየውን ነገር «ስለ ምን?» ብሎ በመጠየቅና መልሱን በሙከራ በመፈለግ ላይ ነው።

ስለ አየር ሲማሩ በብዙ መጽሐፍ የተጻፈ አንድ ሙከራ አለ። ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ ሻማ ይተከላል፤ ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ሻማው ሲጠፋ ውሃው በብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ብዙዎች ይህን «ነበልባሉ ኦክሲጅንን ስለ ጨረሰ ባዶውን ስፍራ ውሃ ያዘው» ብለው ይተረጕሙታል። ትርጓሜው ግን ትክክል አይደለም። ነበልባሉ ኦክሲጅንን ሲወስድ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ይሰጣል፤ ውሃው ከፍ የሚለው ይልቁንም በነበልባሉ ሞቆ የተስፋፋው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው። አስተዋይ ልጅ ውሃው አብዛኛውን የሚወጣው ሻማው ሲነድ ሳይሆን ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ መሆኑን አይቶ ቢጠይቅ፥ መጽሐፉ ተሳስቷልና መምህሩ ልጁን ያመስግን።

የኦክሲጅንን ልክ በእውነት የሚያሳየው ዝገት ነው። ከብረት ሠራተኛ ቤት በሞረድ የተፋቀ ንጹሕ የብረት ብናኝ ይመጣል። ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ውስጡ በውሃ ይረጥብና ብናኙ ከግድግዳው ጋራ እንዲጣበቅ ይነሰነስበታል፤ ከዚያም ውሃ ባለበት ሳሕን ላይ ይደፋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብናኙ ሲዝግ ውሃው በዝግታ ይወጣል፤ ከብርጭቆው ቁመት አንድ አምስተኛ ያህል ደርሶም ይቆማል። ከአየር መቶ እጅ ኦክሲጅን 21 እጅ ያህል ስለ ሆነ፥ ብረቱም እርሱን ወስዶ ጠጣር ዝገት ስለሚያደርገው ነው። ልጆቹ የውሃውን ከፍታ በየማለዳው በክር እየለኩ ይጽፋሉ።

ብናኙን የሚሰጠውን ብረት ሠራተኛ ራሱን ወደ ክፍል መጥራት ደግሞ ከብናኙ ይበልጣል። ፍም ሲናፋ ለምን እንደሚግም፥ የጋለ ብረት በላዩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ለምን እንደሚያወጣ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ አይገኝም። ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ ቶሎ አልጠፋም። ትናንት «ቀጥቃጭ» ሲባል የሰሙት ሰው በመምህራቸው ወንበር አጠገብ ቆሞ ሲያስተምር ልጆቹ ከኬሚስትሪ ሌላም የሚማሩት ነገር አለ።

ዓይን የማያየውን አቶም ለማስረዳት የራሰ ሽንብራና የራሰ ባቄላ ከስንጥር ጋራ ይበቃል። ሽንብራው ሃይድሮጅን፥ ባቄላው ኦክሲጅን ይሁን። ሃይድሮጅንም ኦክሲጅንም በአየር መልክ ሲኖሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ሽንብራው ከሽንብራ፥ ባቄላው ከባቄላ ጋራ በስንጥር ይያያዛል። ውሃ ለመሥራት አንድ ባቄላ ሁለት ሽንብራ ይፈልጋል። ተማሪው አንድ ጥንድ ሽንብራና አንድ ጥንድ ባቄላ ቢሰጠው፥ አንድ ውሃ ሠርቶ አንድ ባቄላ ብቻውን ይቀርበታል። መጣልም ከኪስ መጨመርም ክልክል ነው፤ ላቯዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1789 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ በኬሚስትሪ ለውጥ ጊዜ የነገር መጠን አይጨምርም አይጐድልምና። ልጁ ሌላ ጥንድ ሽንብራ ለምኖ ሁለት ውሃ የሠራ እንደ ሆነ፥ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ያስጨንቀው የነበረውን ሂሳብ በእጁ ፈታው ማለት ነው።

ከፍ ላሉት ክፍሎች የካርታ ጨዋታ አለ። ካርታ ሲባል ሽማግሌዎች ቁማር መስሏቸው እንዳይቆጡ አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል። ሜንዴሌዬፍ የተባለው የመስኮብ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በየወረቀቱ ጽፎ እንደ ካርታ እየደረደረ ሥርዓታቸውን አገኘ ይባላል። በሰንጠረዡም ላይ ባዶ ስፍራ ትቶ ገና ያልተገኙትን ጠባያቸውን አስቀድሞ ተናገረ፤ ጋልየም በ1875፥ ስካንዲየም በ1879፥ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ። ዛሬ የታወቁት 118 ናቸው። በክፍል ውስጥ ግን የመጀመሪያዎቹ 18 ይበቃሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስሙ፥ ክብደቱና ሌላውን የሚይዝበት የእጁ ብዛት ይጻፋል። መምህሩ አንዱን ሰውሮ የቀሩትን ያስደረድራል። ሶዲየም ክብደቱ 23 እጁ አንድ፥ አሉሚኒየም ክብደቱ 27 እጁ ሦስት ከሆነ፥ በመካከል የጠፋው ከ23 የሚበልጥ ከ27 የሚያንስ፥ እጁም ሁለት እንደሚሆን ልጆቹ ይናገራሉ። ክብደቱ 24 የሆነ ማግኒዚየም ሲገለጥ የሚሰማው እልልታ ከሌላ ትምህርት አይሰማም።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ነገር ይበቃል። እሳት ባለበት ሙከራ ሁሉ ውሃ በባልዲ ተቀድቶ በአጠገብ ይቀመጣል፤ ነጠላም ይታጠቃል እንጂ አይንዘረፈፍም። ወፍራም የአመድ ውሃ ዓይንን ስለሚጐዳ መምህሩ ብቻ ይቀዳዋል። ሶዳና ሎሚ፥ ወይም ሊጥና እርሾ ያለበት ጠርሙስ አፉ አይደፈንም፤ የሚወጣው አየር መውጫ ካጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋልና። የተባይ ማጥፊያ የነበረበት ዕቃ መቶ ጊዜ ቢታጠብም ለትምህርት አይውልም፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውም አሲድ እንዲሁ። እንዶድም አይጠጣም፤ ከሙከራው የተረፈው ከብቶች ወደሚጠጡበት ወንዝ ሳይሆን ወደ ጕድጓድ ይፈስሳል።

ዕቃው ሁሉ በአንዲት ሣጥን ይከተታል፤ የዝገቱ ሙከራም ቀናት ስለሚፈልግ በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ቢጀመር ይሻላል። ሎሚ በማይገኝበት ወራት ኮምጣጤ ይተካዋል። ኮምጣጤም ከታጣ የቆየ አጓት ለሶዳው ይበቃል፤ ለእንቁላሉ ቅርፊት ግን ስለሚደክም፥ በዚያን ጊዜ ቅርፊቱን ትቶ በአራት ስኒ መጫወት ነው።