ጣሪያ ማጽዳት ያዋጣል?

ክረምት ሲቃረብ የቤት ባለቤት ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያውን ነው። በወሎ ሰፈር ከፎቆቹ ጀርባ ላሉት የቆርቆሮ ቤቶች ጥያቄው የኪስ ጥያቄ ጭምር ሆኗል። ቆርቆሮ አገር ውስጥ ቢመረትም ጥቅል ላሜራው ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ዶላርን ይከተላል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ክዳን መቀየር የዋዛ ወጪ አይደለም።

ለመሆኑ ማጽዳቱ ያዋጣል? ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ ያለው ስስ የዚንክ ቅብ ነው። አቧራውን ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። ቅቡን የሚበላው እርጥበት ይዞ የሚቆይ ቅጠልና አፈር ነው። በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግም ቅቡን ስለሚያነሳ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንመልከት። ክዳን መቀየሪያው 100,000 ብር፣ ዕድሜው 20 ዓመት ቢሆን የዓመቱ ድርሻ 5,000 ብር ነው። በጽዳት ዕድሜው 25 ዓመት ቢደርስ ድርሻው ወደ 4,000 ብር ይወርዳል። እንግዲህ በዓመት ከ1,000 ብር በላይ የሚያስወጣ ጽዳት በቆርቆሮው ዕድሜ ብቻ ወጪውን አይመልስም።

ስሌቱን የሚለውጠው አሸንዳው ነው። አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ኮርኒስና ወደ ጭቃ ግድግዳ ይዞራል። ግድግዳ ማደስ ደግሞ ከአንድ ቀን የሠራተኛ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ በግንቦት አሸንዳና የክዳን መጋጠሚያ ማስጠረግ፣ የላላ ሚስማር ማጥበቅና ዝገት የጀመረውን ቦታ ብቻ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ያዋጣል። ሙሉ እጥበት ግን ለብዙዎቹ ትርፍ ወጪ ነው።

ሠራተኛው ሚስማር የተመታበትን መስመር ይዞ መራመድ አለበት። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ስስ ነውና ባለ 35 ጌጅ በማገሮቹ መካከል ሲረገጥ ይጎብጣል፤ ሚስማሩም ይላላል። ያኔ ለጽዳት የተከፈለው ገንዘብ ማፍሰሻ ገዛ ማለት ነው።

ሌላው መመዘኛ ጊዜ ነው። በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. እንደታየው ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ይችላል። ይህ ሥጋት ያለበት ባለቤት ጣሪያውን በሙሉ ቀለም ቢያስቀባ ወጪው ሳይመለስለት ሊቀር ይችላል። የአሸንዳ ጠረጋ ግን ዋጋውን በዚያው ክረምት ይመልሳል። ችላ የተባለ ቆርቆሮ ግን መጨረሻው ቆራሌው በሚሰጠው ዋጋ መሸኘት ነው።