ጓያና የእግር መተሳሰር

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ የፎገራ ትምህርት ቤት፣ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ ጉልበቶቹን እያፋተገ የሚራመድ ልጅ ነበረ። ከእኛ አንዱ «አትቀልድ፣ ተስተካክለህ ቁም!» ብሎ ተቆጣው። ልጁ ለካ አልቀለደም፤ በትሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ነው የመጣው። ኋላ ነገሩን ስንሰማ አፈርን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣንም ያ ነው።

ርብና ጉማራ ሜዳውን አጥለቅልቀው ውሃው ሲሸሽ፣ በረጠበው ጥቁር አፈር ላይ ጓያ ይዘራል፤ ዛሬም ሩዙን ተከትሎ ይዘራል። ድርቅም ውሃም አይበግረውም። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል፤ ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ጓያ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ጥቂት ሲበላ ብዙ ሰው አይጎዳም። በችግር ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን፣ ከአንጎል ተነሥተው በሕብለ ሰረሰር ወርደው እግርን የሚያዙትን ነርቮች ያበላሻል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፣ ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ ተጎድቶ መገኘቱን ገልጸዋል። ይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከከባድ ሥራ በኋላ ድንገት ይመጣል። ባት ይኮማተራል፣ እግር ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየው ሲነሣ ሚዛኑን ይስታል። ሲብስ እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፤ በአንድ በትር፣ ከዚያ በሁለት፣ የባሰበትም በመዳህ ይሄዳል። አእምሮና ንግግር ግን ደህና ናቸው። አንድ ጎን ብቻ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ትኩሳትና ራስን መሳት ካለ፣ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

«የሚጎዳው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ገለባውን መርገጥ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም፤ መብላቱ ነው። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ግን ግትርነቱን ያቀልላሉ። ምልክቱ እንደታየ ጓያውን ማቆም ከሁሉ ይቀድማል።

በወሎ ደላንታና ዳውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እዚያ የተደረገው ጥናት ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬው እሸት አደጋውን እንደሚጨምሩ፣ ከሲሶ በላይ ሌላ እህል መቀላቀል ግን እንደሚቀንሰው አሳይቷል። በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ለልጁ እናት ነገርናቸው። «እሺ ልጆቼ፣ ግን የምቀላቅለው ሌላ እህል ከየት ላምጣ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ታናናሾቹ አሁንም የጓያ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ይመጣሉ።