መዝገበ ቃላት ያለው የንባብ መሣሪያ ለካርቱም አንባቢ

በ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በካርቱም ዴምና ጅሬፍ ሰፈሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቀኑን በሦስት ቋንቋ ነበር የሚያሳልፈው። ቤቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያወራል፤ ሱቅና መሥሪያ ቤት በዐረብኛ ይግባባል፤ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ተስፋ ያለው ደግሞ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ያጠናል። እንዲህ ላለ አንባቢ መዝገበ ቃላት ከመጽሐፉ እኩል ያስፈልገዋል። ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ብዙዎቻችን በአንዱ ብራንድ ስም «ኪንድል» የምንለው፣ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የዚህ መሣሪያ ስክሪን ከስልክ ስክሪን የተለየ ነው። ውስጡ በፀጉር ውፍረት ልክ በሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ሲሆን፣ በየከረጢቱ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንደኞቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ፊደሉ የሚታየው በዚህ ነው። ገጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ባትሪው ለሳምንታት ያገለግላል፤ መብራት በሚጠፋባት ካርቱም ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስልክን ስክሪን የሚያደበዝዘው የቀትር ፀሐይም የዚህን ፊደል ያጎላዋል። ሙቀቱ ግን ያሳስባል። የኪንድል አምራች መሣሪያው እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠራ ይመክራል፤ ካርቱም በግንቦትና በሰኔ ከ40 ታልፋለች። የሚሻለው በጥላ ማንበብ፣ ቻርጅ ማድረግም ሌሊት ወይም ማለዳ ነው።

የመዝገበ ቃላቱ አሠራር ቀላል ነው። ያልገባዎትን ቃል በጣት ተጭነው ሲይዙት ፍቺው እዚያው ገጽ ላይ ብቅ ይላል። ፋይሉ መሣሪያው ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት አይፈልግም። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከሞላ ጎደል በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መዝገበ ቃላት ሁሉ አብሮ ጠፍቷል። ኪንድል በተጨማሪ የፈለጓቸውን ቃላት ከነበሩበት ዐረፍተ ነገር ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል። ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ደብተር አላውቅም።

ይህ ሁሉ በደንብ የሚሠራው ግን ለእንግሊዝኛ ነው። ገዢው ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው የነኩትን ቃል እንደ ተጻፈ ወስዶ በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልገዋል። በአማርኛ «ስለሚመጡት» የሚለውን ሲነኩ መዝገቡ የያዘው «መጣ» የሚለውን ስለሆነ መልስ ላያገኙ ይችላሉ። ዐረብኛም እንዲሁ ነው። ዝነኛው የሐንስ ቬር መዝገበ ቃላት ቃላትን በሥርወ ቃላቸው ስለሚደረድር «መክቱብ»ን የሚፈልግ ሰው «ከተበ» ዘንድ መሄድ አለበት። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው የተነካውን ቃል አርሞ፣ ቅጥያውን ቆርጦ እንደገና ለመፈለግ የሚያስችል መሣሪያ ነው። «ኮሪደር» የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህን ያደርጋል፤ «ስታርዲክት» በሚባለው ቅርጽ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላትን ከኮምፒውተር በገመድ እየገለበጡ መጨመርም ይቻላል።

ሌላው ችግር የመጻሕፍቱ ፋይል ነው። በእጅ የሚዞሩት የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ የገጽ ፎቶ የሆኑ ፒዲኤፎች ናቸው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እንኳ በዚህ መልክ ነው የሚዘዋወረው። ለመሣሪያው ፎቶ ፎቶ ነው፤ ቃሉን ለይቶ አይነካውም፣ ፊደሉንም ለብቻው አያሳድገውም፤ በ6 ኢንች ስክሪን ላይ ማንበብ ዓይንን ማድከም ይሆናል። ዋናው ፍላጎቱ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ማንበብ የሆነ ሰው ትልቅ ስክሪን ያለው ታብሌት ይግዛ።

ዋጋን በተመለከተ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው መሠረታዊ ኪንድል በአሜሪካ 110 ዶላር ገደማ፣ በዚያው ዓመት የወጣው የሌላው ብራንድ የ«ቆቦ» ማንበቢያ፣ ክላራ ጥቁርና ነጭ፣ 130 ዶላር ገደማ ነበር። በእኔ እይታ እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ያገለገለ ኪንድል ይበቃዋል፤ የግዕዝ ፊደልን፣ ዐረብኛንና የራሱን መዝገበ ቃላት ለሚፈልግ ግን ጭማሪውን ከፍሎ ቆቦን መግዛት ይሻለዋል፤ ኮሪደርን መጫን በቆቦ ላይ ይቀላልና። በኪንድል ላይ ግን ይህ የአምራቹን የሶፍትዌር ቁልፍ መስበርን ይጠይቃል። ቀለም ያለው ስክሪን ለቋንቋ ጥናት አያስፈልግምና እለፉት።

ካርቱም ውስጥ እነዚህን ሱቅ ገብቶ መግዛት ድሮም ቀላል አልነበረም። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በአብዛኛው የተነሣው በጥቅምት 2017 ነው፤ ከዚያም በኋላ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። መሣሪያው የሚመጣው በመንገደኛ ሻንጣ ወይም በውጭ ባለ ዘመድ ነው። ያገለገለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን፣ ባትሪው ሞልቶ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አንድ የአማርኛና አንድ የዐረብኛ ገጽ በትክክል መታየታቸውን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማየት ያስፈልጋል። አማርኛው በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ከታየ ፎንት ይጎድለዋል፤ በኪንድልም በቆቦም ፎንት በገመድ ሊጨመር ይችላል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ካርቱምን ለቀው በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ መጽሐፍ ተሸክሞ መሸሽ ደግሞ አይቻልም። በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ለዘመዳችሁ ይህን መሣሪያ የምትልኩ ከሆነ ባዶውን አትላኩት። ኢንተርኔት ባለበት መዝግቡት፤ መዝገበ ቃላቱን፣ ፎንቱንና ጥቂት መጻሕፍት ጫኑበት፤ አንድ ቃል ነክታችሁ ፍቺው መውጣቱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ከነገመዱ ላኩት።